ቀልብን መሰብሰብ፦ ማይንድፉልነስን ከዜሮ ለመጀመር ዝርዝር መመሪያ

አንድ ገጽ አንብባችሁ ትጨርሳላችሁ። ምን እንዳነበባችሁ ግን ትዝ አይላችሁም። ዓይናችሁ ከመስመር ወደ መስመር ሲሄድ ነበር። ቀልባችሁ ጠዋት የሰማችሁት ነገር ላይ ቀርቷል። ወይም በር ቆልፋችሁ ትወጡና መንገድ ላይ "ቆልፌዋለሁ ወይስ አልቆለፍኩም?" ብላችሁ ትመለሳላችሁ። እጃችሁ ቆልፏል። እናንተ ግን እዚያ አልነበራችሁም።

በ2010 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ማቲው ኪሊንግስዎርዝ እና ዳንኤል ጊልበርት 2250 አዋቂዎችን በስልክ መተግበሪያ ተከታትለው ነበር። ስልኩ ባልታሰበ ሰዓት ይጠይቃል፦ አሁን ምን እየሠራችሁ ነው? ሐሳባችሁ የት ነው? ምን ይሰማችኋል? ከመልሶቹ 46.9 በመቶው ላይ የሰዎቹ ሐሳብ ከያዙት ሥራ ውጭ ነበር። ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሐሳባቸው ሲሄድ ደግሞ ደስታቸው ይቀንስ ነበር። ስለ አስደሳች ነገር ሲያልሙ የነበሩት እንኳ፣ ልባቸው ሥራቸው ላይ ከነበረው የበለጠ ደስተኛ አልነበሩም።

ማይንድፉልነስ የሚባለው ለዚህ የሚሆን ልምምድ ነው። ስሙ ከውጭ ቢመጣም ነገሩን አማርኛ ከድሮም ያውቀዋል። "ቀልብህን ሰብስብ" ይላል፤ "ልብ በይ" ይላል። አሁን እየሆነ ያለውን ነገር ሆን ብሎ ልብ ማለት ነው። "ይሄ ጥሩ ነው፣ ይሄ መጥፎ ነው" ብሎ ለመፍረድ ሳይቸኩሉ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው አንድ ነገር ስለሚያሳዝነኝ ነው። ብዙ ሰው ይሞክረውና በሳምንቱ ይተወዋል። "እኔ አይሆንልኝም፣ ሐሳቤ አልቆም አለ" ይላል። እኔም እንዲሁ ብዬ ሁለት ጊዜ ትቼዋለሁ። ሐሳብን ማቆም የልምምዱ ግብ እንዳልሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ልምምዱ የሄደውን ቀልብ መመለስ ነው። ይህን የተረዳሁ ዕለት ነው በእርግጥ የጀመርኩት።

ከየት መጣ?

ሥሩ የቡድሂዝም ተመስጦ ነው። ወደ ሕክምና ያመጣው ግን ጆን ካባት ዚን ነው። በ1979 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት፣ ዛሬ የ8 ሳምንት ሥልጠና ተብሎ የሚታወቀውን ጀመረ። መጀመሪያ የመጡት ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውና የተለመደው ሕክምና ያልበቃቸው ሰዎች ነበሩ። ሥልጠናው በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይሰጣል። ቤት ውስጥ ደግሞ በየቀኑ 45 ደቂቃ ገደማ ይለማመዱታል። የሃይማኖት ሥርዓት የለበትም፤ ሃይማኖት ያለውም የሌለውም ሰው ሊሠራው ይችላል። ከታች የማነሳቸው የሕክምና ጥናቶች አብዛኞቹ በዚህ ሥልጠና ወይም ከእሱ በወጡ ሥልጠናዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። ይህን ያዙልኝ። በቀን 5 ደቂቃ ጥሩ መነሻ ነው፤ ጥናቶቹ የለኩት ግን ከዚያ በጣም የሚበልጥ ልምምድን ነው።

በሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል የለውዝ ፍሬ የምታህል ክፍል አለች። አደጋ ሲመጣ ደወል የምትደውለው እሷ ናት። ደወሉ ሲጮህ አድሬናሊን እና ኮርቲዞል ይለቀቃሉ፣ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ትንፋሽ ያጥራል። መኪና ሊገጫችሁ ሲል ይህ ሕይወት ያድናል። ችግሩ ደወሉ በሐሳብም መጮሁ ነው። የነገውን ስብሰባ አልጋ ላይ ሆናችሁ ስታስቡት ልባችሁ ዛሬ ይመታል። ስብሰባው ገና አልደረሰም፤ ሰውነት ግን ሒሳቡን ከወዲሁ እየከፈለ ነው።

ትንፋሽ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። አሁኑኑ ሞክሩት። ሁለት ጣታችሁን የእጅ አንጓችሁ ላይ፣ ከአውራ ጣት በኩል አድርጉና የደም ምቱን ፈልጉ። አገኛችሁት? አሁን በቀስታ አየር ሳቡ፣ ከዚያ ረዘም አድርጋችሁ አስወጡ። ብዙ ሰው ላይ ምቱ ሲስቡ ትንሽ ይፈጥናል፣ ሲያስወጡ ይዘገያል። ይህን የሚያደርገው በዋናነት ከአንጎል ግርጌ ተነስቶ ወደ ልብና ወደ ሆድ የሚወርደው ቬገስ የሚባል ነርቭ ነው። ልብን የማዘግየት ሥራ አለው፤ ወደ ውጭ ስንተነፍስ ይበረታል። "በረጅሙ ተንፍስ" የሚለው ምክር እንዲሁ ለማጽናናት ብቻ የሚባል አይደለም ማለት ነው።

ሌላው ነገር ሥራ ስንፈታ የሚነሳው የአንጎል መረብ ነው። በ2001 የአንጎል ተመራማሪው ማርከስ ሬይክል እና ባልደረቦቹ አንጎል "ባዶ" ሲቀመጥም እንደማያርፍ የሚያሳይ ጽሑፍ አወጡ። ስለ ራሳችን፣ ስላለፈውና ስለሚመጣው የምናወጣ የምናወርደው በዚህ መረብ ነው። በ2012 ደግሞ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተመስጦ ልምድ ያላቸው 14 ሰዎችን የአንጎል መቃኛ ማሽን ውስጥ አስገቡ። "ትንፋሻችሁን ተከታተሉ፤ ሐሳባችሁ እንደሄደ ባወቃችሁ ጊዜ ቁልፍ ተጫኑ" አሏቸው። ልምድ ያላቸውም ቢሆኑ ሐሳባቸው ይሄድ ነበር! ዙሩ አራት ደረጃ ነበረው፦ ቀልብ ይሄዳል፣ መሄዱ ይታወቃል፣ ይመለሳል፣ ይቆያል። ከዚያ እንደገና ይሄዳል። በየደረጃው የሚሠራው የአንጎል ክፍል የተለያየ ነው። መሄዱን ባወቁበት ቅጽበትና በመለሱበት ቅጽበት ትኩረትን የሚመሩት ክፍሎች ሥራ ላይ ነበሩ። ሐሳብ ባይሄድ ኖሮ እነዚህ ክፍሎች ይህን ሥራ ባልሠሩ ነበር።

ለጤና ምን ያህል ይረዳል?

እዚህ ላይ ሐቁን መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ የተጋነነ ነገር ይወራልና። በ2014 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ከ3500 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 47 ጥናቶች አንድ ላይ መረመሩ። የተመስጦ ሥልጠና ጭንቀትን፣ ድባቴንና ሕመምን መጠነኛ በሆነ ደረጃ እንደሚቀንስ አገኙ። ከመድኃኒት ወይም ከአካል ብቃት እንቅስቃሴ ይበልጣል የሚል ማስረጃ ግን አላገኙም። ክብደት ይቀንሳል ለሚለውም እንዲሁ።

በተወሰኑ ችግሮች ላይ ማስረጃው ጠንከር ይላል። ድባቴ ለሚመላለስባቸው ሰዎች የተዘጋጀ ሥልጠና አለ። በ2016 የወጣ ትንተና በ9 ጥናቶች የተሳተፉ 1258 ሰዎችን ተመልክቶ፣ ሥልጠናውን የወሰዱት በ60 ሳምንታት ውስጥ ሕመሙ የሚያገረሽባቸው ዕድል በ31 በመቶ ያህል ቀንሶ አግኝቶታል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 342 ሰዎች ተከታተለ። ከ26 ሳምንት በኋላ የማይንድፉልነስ ሥልጠና ከወሰዱት 60 በመቶ ያህሉ በዕለት ተዕለት እንቅስቃሴያቸው ጉልህ መሻሻል አሳዩ። የተለመደውን ሕክምና ብቻ ያገኙት 44 በመቶ ነበሩ። በ2022 ደግሞ የጭንቀት ሕመም ያለባቸው 276 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የ8 ሳምንቱን ሥልጠና ወሰዱ፤ ግማሾቹ ኤስሲታሎፕራም የተባለውን መድኃኒት። መጨረሻ ላይ የሁለቱም ወገኖች መሻሻል ተቀራራቢ ሆነ።

እባካችሁ ይህን አንብባችሁ መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቁሙ። ጥናቱ ያሳየው ሐኪምና ታካሚ የሚመርጡት አንድ ተጨማሪ መንገድ መኖሩን ነው። መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ይጎዳል።

ያልሠራበትም ቦታ አለ። በብሪታንያ ከ8000 በላይ ተማሪዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2022 የወጣ ጥናት፣ ልጆቹን በትምህርት ቤት ማሠልጠኑ ከተለመደው ትምህርት የተሻለ ጥቅም እንዳልሰጠ አሳይቷል። "በ8 ሳምንት የአንጎል ቅርጽ ይለወጣል" የሚለው ወሬም በ2022 በተሻለ ዘዴ ሲፈተሽ አልጸናም። ይህን ማወቅ ልምምዱን ያቀለዋል ብዬ አምናለሁ። ተአምር የማይጠብቅ ሰው ቶሎ አይሰለችም።

1ኛ ደረጃ፦ ሰዓትና ቦታ

በየቀኑ ከምትሠሩት ነገር ጋር አያይዙት። ጥርስ ከተቦረሸ በኋላ ቢሆን፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቢሆን እናንተ ታውቃላችሁ። "ጊዜ ሳገኝ" ካላችሁ ግን አይሆንም። በ5 ደቂቃ ጀምሩ። ስልኩን ድምፅ አጥፍታችሁ ከእጃችሁ ራቅ አድርጉትና ደወል ሙሉበት፤ አለዚያ "ስንት ደቂቃ ቀረ?" የሚለው ራሱ ሐሳብ ይሆንባችኋል። ፍጹም ጸጥታ አትፈልጉ። የመኪናና የሰው ድምፅ ይኖራል፤ ይኑር።

2ኛ ደረጃ፦ አቀማመጥ

ወንበር ይበቃል፤ እግር ማጠፍ አያስፈልግም። እግራችሁ መሬት ይንካ። ጀርባችሁ ቀጥ ይበል፣ ግን አይገተር። እጃችሁን ጭናችሁ ላይ ጣል አድርጉት። ዓይን መጨፈን የማይመቻችሁ ከሆነ ከፊታችሁ ወዳለው ወለል ዝቅ አድርጋችሁ ተመልከቱ።

3ኛ ደረጃ፦ ትንፋሽን ማግኘት

ትንፋሽ በደንብ የሚሰማችሁን አንድ ቦታ ምረጡ። አፍንጫ ጫፍ፣ ደረት ወይም ሆድ ሊሆን ይችላል። ከመረጣችሁ በኋላ በዚያው ቆዩ። አፍንጫን የመረጠ ሰው የሚገባው አየር ቀዝቀዝ፣ የሚወጣው ሞቅ ሲል ያገኘዋል። አንዱ ቀዳዳ ከሌላው ይልቅ ክፍት መሆኑን ያስተውላል። በመውጣትና በመግባት መካከል አንዲት አጭር ፋታ አለች፤ እሷንም ፈልጓት። ትንፋሹን ለማስተካከል ግን አትሞክሩ። ሲያጥር ይጠር፣ ሲረዝም ይርዘም። ሥራችሁ መከታተል ብቻ ነው።

4ኛ ደረጃ፦ መሄድና መመለስ

ዋናው ደረጃ ይህ ነው። አንዲት ደቂቃ ምን እንደምትመስል ላሳያችሁ።

አየር ገባ። ወጣ። ገባ። "ያን መልእክት መልሼለታለሁ?" አልመለስኩም። ቅር ይለው ይሆን? ባለፈውም እንዲሁ ዘግይቼ ነበር። እንዲያውም ባለፈው የተናገረኝ ነገር ልክ አልነበረም። እንዲህ ብዬ መመለስ ነበረብኝ እኮ... ኧረ! ትንፋሽ ላይ ነበርኩ።

"ኧረ!" ያላችሁባት ቅጽበት ናት የልምምዱ ልብ። ብዙ ሰው እዚህች ጋ ሲደርስ "ይኸው፣ አቃተኝ" ብሎ ራሱን ይሰድባል። አቅቷችሁ ቢሆን ኖሮ መሄዳችሁን አታውቁም ነበር፤ ደወሉ እስኪጮህ እዚያው ክርክር ውስጥ ትቆዩ ነበር። እንደነቃችሁ ሦስት ነገር አድርጉ። በልባችሁ "ሐሳብ" በሉ። ከዚያ ሐሳቡን ሳትጎትቱትም ሳትገፉትም ተዉት። ከዚያ የሚቀጥለውን ትንፋሽ ያዙ። በቃ። ራስን መገሠጽ የለም፤ እሱም ሌላ ሐሳብ ነውና።

በ5 ደቂቃ ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ሄዳችሁ ሠላሳ ጊዜ ከተመለሳችሁ፣ ሠላሳ ጊዜ ሠርታችኋል። ክብደት የሚያነሳ ሰው ብረቱ ወደ ታች ሲወርድበት አያፍርም፤ ካልወረደ አያነሳውም። ለመጀመሪያው ሳምንት የምመክራችሁ መለኪያ ይህ ብቻ ነው፦ ዛሬ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተመለስኩ? ከተመለሳችሁ የዕለቱ ሥራ ተሠርቷል።

5ኛ ደረጃ፦ ሰውነትን መቃኘት

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ይህን ጨምሩ። በጀርባችሁ ተኙ። ቀልባችሁን ወደ ግራ እግር ጣቶቻችሁ ውሰዱት። ምን አለ? ሙቀት? የካልሲው ጨርቅ? ምንም? "ምንም" የሚለውም መልስ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ እግር፣ ቁርጭምጭሚት፣ ባት፣ ጉልበት። እንዲህ እያላችሁ ቀስ ብላችሁ እስከ አናት ውጡ። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል።

መንጋጋችሁ ጋ ስትደርሱ ቆም በሉ። አብዛኞቻችን ጥርሳችንን ነክሰን እንደምንውል አናውቅም። ትከሻም እንዲሁ ነው፤ ወደ ጆሮ ተሰቅሎ ይገኛል። እኔ ለወራት ራስ ምታት እያልኩ የማማርረው ነገር ሲጀምረኝ ሁልጊዜ መንጋጋዬ ተቆልፎ እንደሚገኝ ያወቅሁት በዚህ ልምምድ ነው። አሁን ሲቆለፍ ይታወቀኛል፤ ላላ አደርገዋለሁ።

የሚያም ቦታ ካለ ዘልላችሁ አትሂዱ፤ ግን አትታገሉትም። ይወጋል? ያቃጥላል? ይመጣል ይሄዳል? ዳርቻው የት ነው? ሕመም ሁለት ነገር አለበት። አንዱ ስሜቱ ራሱ ነው። ሌላው "መቼ ነው የሚለቀኝ?" የሚለው ምሬት ነው። ሁለቱን ለይቶ ማየት ሁለተኛውን ያቀልለዋል። አዲስ ወይም እየባሰ የሚሄድ ሕመም ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

6ኛ ደረጃ፦ አንድ የዕለት ሥራ

በየቀኑ ከምትሠሩት አንዱን ምረጡ። እኔ ዕቃ ማጠብን መርጫለሁ። ውሃው መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነው፤ ቀስ እያለ ይሞቃል። አረፋው ጣት መሃል ሲገባ ይታወቃል። ያደፈ ብርጭቆ ጣት ይይዛል፤ ሲጠራ ይንሸራተታል፣ ሲታሽም ሲጥ ይላል። ድሮ ዕቃ ሳጥብ በልቤ ስከራከር ነበር የምጨርሰው። አሁንም ክርክሩ ይመጣል። ግን ብርጭቆው ይመልሰኛል። ሌላው ሰው ደረጃ መውጣትን ወይም ገላ መታጠብን ሊመርጥ ይችላል። አንድ ብቻ ይሁን፤ ሁሉን ልያዝ ያለ ሁሉን ይለቃል።

7ኛ ደረጃ፦ ንዴት ሲመጣ

እስካሁን የሠራችሁት ለዚህ ሰዓት ነው። ሰው አናዷችኋል፣ ፊታችሁ ሞቋል፣ መልሱ ምላሳችሁ ጫፍ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በረጅሙ አስወጡ። ከዚያ ስሜቱን በስሙ ጥሩት፦ "ይሄ ንዴት ነው"፤ "ይሄ እፍረት ነው"። በ2007 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ እነ ማቲው ሊበርማን የሠሩት ጥናት አለ። ሰዎች የተቆጡና የፈሩ ፊቶችን አይተው ስሜቱን በቃል ሲሰይሙት የአሚግዳላ እንቅስቃሴ ይቀንስ ነበር። "ተናድጃለሁ" እና "ንዴት መጥቷል" መካከልም ልዩነት አለ። ሁለተኛው የመጣ ይሄዳል የሚል ነገር አለበት። ከዚያ በኋላ መናገር ያለባችሁን ተናገሩ። ማይንድፉልነስ በደልን ዝም ብሎ መዋጥ አይደለም።

የሚያጋጥሙ ነገሮች

እንቅልፍ ከመጣ ዓይናችሁን ግለጡ ወይም ቆማችሁ ሥሩት። በየቀኑ የሚመጣ ከሆነ ምናልባት የጎደላችሁ እንቅልፍ ራሱ ነው፤ ተኙ። የሚያሳክክ ነገር ሲመጣ ወዲያው አትኩት። አንድ ሁለት ትንፋሽ ያህል ተመልከቱት፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ካልጠፋ እከኩት። መረበሽ በጣም ከበረታ ልምምዱን በእግር ጉዞ ሥሩት፤ ተረከዝ መሬት ሲነካ፣ ጣት ሲለቅ እየተከታተላችሁ። ሌሊት ነቅቶ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው የሰውነት ቅኝቱን አልጋው ላይ ይሞክር። ግን "ለመተኛት" ብሎ አይሥራው። ትግል ሲሆን እንቅልፍ የበለጠ ይሸሻል።

ይህኛውን ግን በጥሞና አንብቡ። ለአንዳንድ ሰው ዓይን ጨፍኖ ወደ ውስጥ መመልከት ከባድ ነገር ይቀሰቅሳል። በብራውን ዩኒቨርሲቲ በእነ ዊሎቢ ብሪተን የተሠራና በ2017 የወጣ ጥናት፣ ከተመስጦ ጋር ተያይዘው የሚመጡ ፍርሃትን፣ ክፉ ትዝታንና ከራስ የመነጠል ስሜትን መዝግቧል። ከባድ አደጋ ወይም ጥቃት የደረሰባችሁ፣ ድንገተኛ የሽብር ስሜት የሚይዛችሁ፣ ወይም የሌለ ድምፅ የመስማት ዓይነት የአእምሮ ሕመም ያለባችሁ ከሆነ ብቻችሁን አትጀምሩ። የሚያክማችሁን ባለሙያ አማክሩ። ለማንም ቢሆን ልምምዱ መሃል ፍርሃት ከበረታ ዓይን መግለጥ፣ እግር መሬት ሲረግጥ ማስተዋል፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉ አምስት ነገሮችን በስማቸው መጥራት ይረዳል። ማቆምም ይቻላል። ራሱን የመጉዳት ሐሳብ የመጣበት ሰው ደግሞ ይህን መመሪያ ዘግቶ ዛሬውኑ የሚያምነውን ሰውና ሐኪም ያናግር።

ስምንቱ ሳምንታት

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 5 ደቂቃ ትንፋሽ፤ ከሁለተኛው ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን የሰውነት ቅኝት። በሦስተኛውና በአራተኛው ትንፋሹን 10 ደቂቃ አድርሱትና አንድ የዕለት ሥራ ጨምሩ። ከአምስተኛው በኋላ 15 ወይም 20 ደቂቃ ሞክሩ፤ ስሜትን በስሙ መጥራትንም ጀምሩ። ስምንተኛው ሳምንት ላይ ተቀምጣችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ጥያቄው "አእምሮዬ ጸጥ አለ?" አይሁን። ንዴቴን ከመናገሬ በፊት ያወቅኩበት ቀን ነበር? ትከሻዬ ሲሰቀል ይታወቀኛል? ሰው ሲያወራኝ እስከ መጨረሻው ሰማሁት? መልሱን አብሯችሁ የሚኖር ሰው ከእናንተ ቀድሞ ሊያውቀው ይችላል፤ ጠይቁት።

ቀን ያመልጣችኋል። በ2010 የወጣ የለንደን ጥናት አንድ ነገር ልማድ እስኪሆን እንደ ሰዉ ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚፈጅ፣ መካከለኛው 66 ቀን እንደሆነ ገምቷል። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርሰውም አይቷል። ስለዚህ ሦስት ቀን ቢያመልጣችሁ ለማካካስ ብላችሁ አንድ ሰዓት አትቀመጡ። በነጋታው፣ በዚያው ሰዓት፣ ያው ወንበር ላይ፣ 5 ደቂቃ።